ሽማግሌዎቼ ድራማ ያዩብኝ ዕለት

ሽማግሌ ልካችሁ የምታውቁ ይህን ስታነቡ አትሳቁብኝ። ያልላካችሁ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ የምትልኩበት ቤት ዲሽ አለው ወይ? ካለውስ በየትኛው ሰዓት ምን ያያሉ? የልጅቷን ጠባይ፣ የአባትየውን ግልፍተኝነት፣ የውሻቸውን ተናካሽነት ሁሉም ሰው ያጣራል። ይህን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ሊያስጠነቅቀኝ የሚገባ ሰው ቢኖር እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ምክንያቱም የዚያን ቤት ዲሽ የተከልኩት እኔ ነኝ።

የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ የምተዳደረው በዲሽ ተከላ ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የተጣለ ሪሲቨር አግኝቼ እየፈታሁ ስገጥም፣ እየገጠምኩ ስፈታ፣ በመጨረሻ ከገጠምኩት በኋላ የሚተርፍ ብሎን እስኪጠፋ ድረስ ደጋገምኩት፤ በቃ፣ ሙያዬ እሱ ሆነ። የዲሽ ነገር ሰውን ነዝናዛ ያደርጋል። ሳህኑ ግማሽ ጣት ያህል ከዞረ ሥዕል የለም። ‹በግምት› የሚባል ነገር ሰማይ ላይ አይሠራም። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፣ በወሬም ቢሆን ግምት አልወድም። ሰው ‹ባለፈው ማክሰኞ› ብሎ ነገሩ የሆነው ረቡዕ ከሆነ፣ ጨዋታውን አቋርጬ አርማለሁ። ከዚያ ውጭ ዝምተኛ ነኝ። እናቴ ‹‹አንተ አፍህን የምትከፍተው ሰው ሲሳሳት ብቻ ነው›› ትለኛለች። ስትበላም እከፍታለሁ ብዬ አርሜያት አውቃለሁ። ‹ስትበላ› ሳይሆን ‹ስበላ›። አያችሁ? ራሴንም አልምርም።

በዚያ ሰሞን ደባርቅንም ዳባትንም አንድ ድራማ ይዟቸው ነበር። አማርኛ ድምፅ የተጫነበት የውጭ ድራማ ነው። አገሩ የሌለ አገር፣ መንግሥቱም የሌለ መንግሥት ነው። ዘንዶ ይበርበታል፤ ጠንቋይ ትሰወርበታለች። ሰውን የያዘው ግን ዘንዶው አይደለም፤ ሹም ሽሩ ነው። ትናንት የጦር አዛዥ የነበረው ዛሬ በሰንሰለት ነው፤ ዛሬ በሰንሰለት ያለው በሚቀጥለው ሳምንት ማኅተም ይዞ ብቅ ይላል። አንድ ገንዘብ ያዥ አለ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ከድቶ፣ ሁለት ጊዜ ምሎ፣ በመሐሉ ምሳ ይበላል። የሰዎቹን ስም መያዝ ስላልተቻለ ሕዝቡ በመልካቸው ስም አውጥቶላቸዋል። የታመመው ንጉሥ ‹ንጉሡ› ነው። ዙፋኑን የሚፈልገው የንጉሡ ወንድም ‹ባለ ካባው› ነው። የባለ ካባው ልጅ ‹ቀጭኑ ልዑል› ነው።

ዙፋኑ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ነው። እውነተኛ ባለቤቱ ሲቀመጥበት ይሞቃል፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ይህን ሲያዩ አንድ ደንበኛዬ ‹‹በዚህ ዓይነትማ እኛ አገር ሐቀኛ ወንበር የለም›› አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሰሜን ተራራ ንፋስ ሲወርድ ደባርቅ ውስጥ የማይቀዘቅዝ መቀመጫ የምድጃ ዳር ብቻ ነው።

ሰናይትን ያገኘኋት ዳባት፣ አባቷ ቤት ዲሽ ስተክል ነው። እኔ ጣሪያ ላይ ሳህኑን አዞራለሁ፤ እሷ ከታች ቴሌቪዥኑን እያየች ‹‹ጠፋ!›› ‹‹መጣ!›› ትለኛለች። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ሰዎች ሳይመጣ ‹‹ሊመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው›› ይላሉ፤ መጥቶ ሳለም ‹‹ትንሽ ወደ ግራ›› ብለው ያበላሹታል። ሰናይት ‹መጣ› ካለች መጥቷል። ‹ድምፅ አለ፣ ሥዕል የለም፣ ከላይ ሁለት ጭረት አለ› ብላ ነው የምትነግረኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ? የዚያን ቀን ዲሹን ተክዬ ስወርድ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ዲሽ ከሚገባው በላይ ጥገና አስፈልጎት ነበር፤ ይህን እዚህ ላይ ባልፈው ይሻላል።

አባቷ ጋሽ ደምለው የዳባት እህል ነጋዴ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ኩራታቸው ከሁለቱም የሚበልጥ ነው። ‹‹እኛ የግራዝማች ወርቄ ዘር ነን›› ሳይሉ ጤፍ አይመዝኑም። ግራዝማች ወርቄ በጃናሞራ በኩል ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ ይባላል፤ የጋሽ ደምለው ቅድመ አያት መሆናቸው ነው። እኔን ‹‹አንተ ዲሽ!›› ብለው ነው የሚጠሩኝ። ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰናይት ለእናቷ ሹክ ብላለች፤ የማን ሽማግሌ እንደሆነ ግን ጋሽ ደምለው አልሰሙም።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የነፍስ አባታችን አባ ኅሩይ ናቸው። ሁለተኛው ሐጅ ኢድሪስ፣ በደባርቅ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴና የልጅነት ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ላይ ጠብ ሲነሣ ሰው ከፖሊስ በፊት እሳቸውን ነው የሚጠራው። ሦስተኛው አጎቴ አያ ጫኔ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ዘራችንን ቆጥሮ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ ያለ እሱ መሄድ አይቻልም፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ የሚሰጥ የለም። ከሰባት ቤት ወዲህ ዝምድና ከተገኘ ደግሞ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። አያ ጫኔ ጥሩ ሰው ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ሰው በፊቱ ሲጎራ አይችልም። አንዱ ‹በሬዬ ጠንካራ ነው› ካለ፣ የአያ ጫኔ በሬ የዛፍ ጉቶ ነቅሎ ያውቃል።

እሑድ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ዳባት ወረድን። በመንገድ ላይ አባ ኅሩይ ሥርዓቱን አስረዱ።

‹‹እንገባለን፣ እንቆማለን። ተቀመጡ ቢሉን አንቀመጥም። ቅመሱ ቢሉን አንቀምስም። ጉዳዩ ሳይሰማ የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ ነው እንጂ ሽማግሌ አይደለም።››

‹‹እኔ በበኩሌ እስከ መግሪብ እቆማለሁ›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ።

‹‹እኔ መካነ ብርሃን ላይ አንድ ጊዜ ጠዋት ቆሜ በማግስቱ ነው የተቀመጥኩት›› አለ አያ ጫኔ።

እኔ እንደ ደንቡ መቅረት ስላለብኝ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። እነሱ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሻይዬ ሳይቀርብ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደምለው ናቸው።

‹‹አንተ ዲሽ! የት ነህ?››

ደባርቅ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን አልነበርኩማ። ‹‹ዳባት ነኝ፣ ጋሼ።››

‹‹እግዜር ነው ያመጣህ! ይኼ የተረገመ ንፋስ ሥዕሉን ወሰደው። ዛሬ ባለ ካባው ወደ ንጉሡ መልእክተኛ የሚልክበት ቀን ነው። እየሮጥክ ና!››

ምን ታደርጋላችሁ? ሮጥኩ። በሩ ላይ ከገዛ ሽማግሌዎቼ ጋር ተገጣጠምን። አባ ኅሩይ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

‹‹አንተ ልጅ፣ ምን ልትሆን መጣህ? አራተኛ ሽማግሌ?››

‹‹ተጠርቼ ነው፣ አባ።››

‹‹አማች ሳትሆን?››

ለመመለስ ጊዜ አልነበረኝም። በጓሮ በኩል ዞሬ መሰላሉን አቁሜ ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። ሳህኑ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ያያል። ማዞር ጀመርኩ። ከታች፣ በፊት በር በኩል፣ ሽማግሌዎቼ ሲገቡ የእግራቸው ኮቴ ተሰማኝ። ልቤ ከእነሱ ጋር ገባ፤ እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ።

በሕይወቴ እንደዚያ ግራ የገባኝ ሰዓት የለም። ከመስኮቱ ሰናይት ‹‹ጠፋ!… ድምፅ መጣ፣ ሥዕል የለም!›› ትላለች። ከቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ወፍራም ድምፅ እንዲህ ሲል ሰማሁ፤

‹‹ልጄን ለእናንተ አልሰጥም!››

የድራማው ንጉሥ ወፍራም ድምፅ አለው። ጋሽ ደምለውም ወፍራም ድምፅ አላቸው።

‹‹ሰናይት፣ ማን ነው የተናገረው?›› አልኩ ጎንበስ ብዬ።

‹‹መጣ!››

‹‹ማን መጣ?››

‹‹ሥዕሉ ነዋ! አይ፣ ጠፋ። ወደ ቀኝ መልሰው።››

መለስኩት። ያ ድምፅ ቀጠለ፤ ‹‹የላካችሁ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ! በጓሮዬ ሲያንዣብብ የኖረ ጆፌ አሞራ ነው!›› እግዚኦ። በጓሮ በኩል ነው የወጣሁት። አሁንም ያለሁት ጣሪያ ላይ ነው። ቀጥሎ ‹‹ሦስቱም ይሰቀሉ!›› የሚል መጣ።

ይህን የተናገሩት ጋሽ ደምለው ከሆኑ ነገሩ ከልክ አልፏል። አባ ኅሩይ ሲሰቀሉ፣ ሐጅ ኢድሪስ ሲሰቀሉ፣ አያ ጫኔ ‹እኔ አንድ ጊዜ ተሰቅዬ አውቃለሁ› ሲል ታየኝ። ሳህኑን አጥብቄ አሥሬ በመሰላሉ ግማሽ ወርጄ ግማሹን ዘለልኩ።

ስገባ ምን አየሁ? ማንም አልተሰቀለም። ሁሉም ተቀምጠዋል።

ተቀምጠዋል እላችኋለሁ! አባ ኅሩይ አግዳሚው ላይ ጠላ ይዘው፣ ሐጅ ኢድሪስ ሻይ ይዘው፣ አያ ጫኔ የእፍኙን ቆሎ ወደ አፉ እየወረወረ፣ ሦስቱም ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለዋል። ሰናይትን በዓይኔ ጠየቅኳት። ተጠግታ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ እንደ ልማዷ በቅደም ተከተል።

‹‹ገቡ። ቆሙ። አባዬ ‹ከፊቴ ዞር በሉ፣ አይታይም› አላቸው። ዞር አሉ። ከዚያ አባ ‹ያ ባለ ካባ ማን ነው?› ብለው ጠየቁ። ከዚያ ተቀመጡ።››

‹‹ስለ እኛስ?››

‹‹አንድም ቃል አላነሡም።››

‹‹አንተ ዲሽ፣ ቁጭ በልና ይህን ነገር አስረዳን!›› አሉ ጋሽ ደምለው። ‹‹ገንዘብ ያዡ አሁን የማን ወገን ነው?››

‹‹አሁን የባለ ካባው ነው። ግን ቅድም የንጉሡ ነበር። አሁን ደብዳቤውን ካቃጠለ በኋላ ደግሞ…››

‹‹ወይ ጉድ!›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ። ‹‹ጨርቅ እንኳ እንደዚህ ሰውዬ አይገለበጥም።››

በቴሌቪዥኑ፣ ቅድም ንጉሡ ‹ይሰቀሉ› ያላቸው ሦስቱ ታስረው ወጥተው፣ ባለ ካባው የላካቸው ሌሎች መልእክተኞች ንጉሡ ፊት ቀርበዋል። የንጉሡን ልጅ ለቀጭኑ ልዑል ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ ልዕልቲቱን ያገባ ዙፋኑን ያገኛል። ገና ከመግባታቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ወይን ቀረበላቸውና ጠጡ። አባ ኅሩይ ጠላቸውን ጨለጥ አድርገው ተቆጡ።

‹‹ተመልከቱ እስቲ! ጉዳያቸውን ሳይናገሩ ተቀመጡ! ይኼ ነው ሽማግሌ?››

‹‹ሥርዓት የላቸውም›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ፣ ለሁለተኛ ሻይ ብርጭቋቸውን እየዘረጉ።

በዚህ ላይ አያ ጫኔ ድንገት ቆሎውን አስቀመጠ። ‹‹ቆይ፣ ቆይ። ባለ ካባው የንጉሡ ወንድም ነው አላችሁ?››

‹‹ወንድሙ ነው›› አልኩ።

‹‹እንግዲያው ልጁና ልጅቷ የወንድማማች ልጆች ናቸዋ!››

ቤቱ ተናወጠ። አባ ኅሩይ አማተቡ። ጋሽ ደምለው ‹‹ሁለት ቤት! ሁለት ቤት እንኳ አልሞላም!›› እያሉ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ መቱ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ከጋሽ ደምለው ጋር ሆነው ያንን ጋብቻ በአንድ ድምፅ ከለከሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የተባለው ልክ አልነበረም።

‹‹ቀጭኑ ልዑል የባለ ካባው የአብራክ ልጅ አይደለም›› አልኩ። ‹‹ሕፃን ሳለ ጠንቋይዋ በአልጋው ላይ ለውጣ ያስቀመጠችው ነው። ባለፈው ወር ታይቷል።››

‹‹እሰይ!›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ። ‹‹እንግዲያው ዘመድ አይደሉም። ይጋቡ!››

‹‹ይጋቡ›› አሉ አባ ኅሩይም፣ እፎይ ብለው።

‹‹ግን ሕፃኑ የጠንቋይዋ ልጅ ነው›› አልኩ። ‹‹ጠንቋይዋ ደግሞ የልዕልቲቱ እናት ታናሽ እኅት ናት።››

ሁሉም በጣታቸው ቆጠሩ። ‹‹የእኅትማማች ልጆች›› አለ አያ ጫኔ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሐዘን። ሰናይት ከበሩ ጥግ ሆና ‹በቃህ› የሚል ዓይን ጣለችብኝ።

ጋሽ ደምለውን ግን ያበሳጫቸው ዝምድናው አልነበረም። ‹‹ይኼ ቀጭን!›› አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። ‹‹ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በሰው ዘር የሚኮፈስ! ዘሩ ሌላ፣ ስሙ ሌላ! እኔ ብሆን ዛሬውኑ ከዚያ ቤት አስወጣው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንኳን ዙፋን በርጩማ አይገባውም።››

በጥግ በኩል አንድ ሳል ተሰማ። እማሆይ አመተ ናቸው፤ የጋሽ ደምለው አክስት፣ የአባታቸው እኅት። ከመነኮሱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ቴሌቪዥን የሰይጣን መስኮት ነው እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ፤ ድራማው ሲጀምር ግን መቁጠሪያቸው ይቆማል። የዚያን ጊዜ የሳሉትን ማንም ልብ አላለው።

ክፍሉ አለቀ። ዘፈኑ ተዘፈነ። ጋሽ ደምለው ሪሞቱን አስቀምጠው ተለጠጡና እንግዶቻቸውን ገና አሁን ያዩ ይመስል ተመለከቷቸው።

‹‹ለመሆኑ እናንተ በደኅና ነው የመጣችሁት?››

ሦስቱም ብርጭቋቸውን ተመለከቱ። አባ ኅሩይ ከአግዳሚው እሳት እንደ ነካው ሰው ተነሡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። ‹‹እኛ እንኳ ለጉዳይ ነበር። ለትልቅ ጉዳይ።››

ጋሽ ደምለው ገባቸው። በጢማቸው ሥር ሳቅ አሉ። ‹‹ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የማውቀው። እናንተ ተቀምጣችኋል፣ ጠጥታችኋል፣ ቆሎዬንም ጨርሳችኋል። እኔ እንደማውቀው ድራማ ልታዩ ነው የመጣችሁት።››

‹‹ደምለው፣ ተው እንጂ›› አሉ ሚስታቸው፣ የሰናይት እናት።

‹‹ምን አልኩ? ሥርዓቱን የተናገሩት እኮ ራሳቸው ናቸው። ‹ይኼ ነው ሽማግሌ?› ያሉት አባ አይደሉም?››

ሐጅ ኢድሪስ በመጨረሻ መላ አመጡ። ሦስቱም ተሰልፈው ወጡ፤ በሩ ተዘጋ፤ ከዚያ ተንኳኳ። ጋሽ ደምለው ‹‹ማነው?›› አሉ፤ ‹‹ሽማግሌዎች ነን›› ተባለ፤ ‹‹ይግቡ›› ተባለ። ገብተው ቆሙ። ‹‹ተቀመጡ›› ተባሉ። ‹‹አንቀመጥም›› አሉ፣ አያ ጫኔ ከሁሉም አብልጦ። እኔ መውጣት ይሁን መቆየት የሚገባኝ ስላልገባኝ ከሪሲቨሩ ጀርባ ገመድ የማስተካክል መሰልኩ።

አባ ኅሩይ ጉዳዩን ተናገሩ። ‹‹ለማን?›› አሉ ጋሽ ደምለው። አባ ኅሩይ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። ጋሽ ደምለው ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ከዚያ ከኋላው ያለሁትን አዩ።

‹‹ዲሹ?!››

‹‹ሥራ ያለው፣ የማይጠጣ፣ ዋሽቶ የማያውቅ ልጅ ነው›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ።

‹‹አለመዋሸቱንስ አየሁት፤ አላስጋባ ብሎን ዋለ›› አሉ ጋሽ ደምለው። ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ። ‹‹ግን ዘሩስ? እኔ ልጄን ሥር ለሌለው አልሰጥም። እኛ የግራዝማች ወርቄ ዘር ነን! አባቴ ካሣ፣ ካሣ የተሰማ፣ ተሰማ የግራዝማች ወርቄ ልጅ! እናንተስ?››

አያ ጫኔ ደረቱ ሲነፋ አየሁት። መቁጠር ጀመረ። ‹‹አባቱ አድማሱ። አድማሱ የደስታ፣ ደስታ የሽንጤ፣ ሽንጤ የዓለሙ…›› እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። አያ ጫኔ አንድ አፍታ ቆም አለ። ከዚያ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርወር አድርጎ፣ ‹‹ዓለሙም የግራዝማች ወርቄ ልጅ!›› ብሎ ዘጋው።

እሱ ጭብጨባ የጠበቀ ይመስለኛል። አባ ኅሩይ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

‹‹በሷ በኩል አራት ቤት›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ በትንሽ ድምፅ። ‹‹በሱ በኩል አምስት።››

ሰናይት የበሩን መቃን ያዘች። እኔ ብዙ ነገር አሰብኩ። አስቀድሜ ዘሬን ለምን አላጣራሁም? ብሎን ያልተረፈኝ መስሎኝ፣ ዋናው ብሎን እጄ ላይ ቀርቶ ኖሯል! አያ ጫኔ ፊቱ አመድ መስሏል፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ጋሽ ደምለው እንኳ የተደሰቱ አይመስሉም። ‹‹እንግዲህ ዘመድ ናችሁ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ጋብቻው ግን አይሆንም›› አሉ።

‹‹ይሆናል።››

ሁላችንም ዞርን። እማሆይ አመተ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰዋል።

‹‹አባቴ ተሰማ ከግራዝማች አብራክ አልወጣም። በክፉው ቀን ከሲራራ ነጋዴዎች ወድቆ የቀረ ሕፃን ነው። ግራዝማች አዘኑለትና አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጠቡት፤ የጡት ልጃቸው አደረጉት። አባቴ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እያለቀሰ። ደም የለንም። ልጆቹ ይጋቡ።››

ጋሽ ደምለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ መልሰው ተቀመጡ። ‹‹እማሆይ… ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?››

‹‹መች ጠየቅኸኝ? ስትፎክር ነው የኖርኸው።››

‹‹እኔ እንግዲህ የጠንቋይዋ ልጅ ነኝ ማለት ነው?››

‹‹የነጋዴ ልጅ ነህ። እህል ንግዱ ከማን የወጣብህ መሰለህ?››

አባ ኅሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ‹‹የጡት ልጅነቱ በአጥቢውና በጠቢው የሚቀር ነው፤ እስከ እነዚህ ልጆች አይወርድም። እማሆይ ያሉት እውነት ከሆነ ጋብቻው አለ። አይደለም ካሉ ደግሞ የለም። ይህን የሚሉት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ደምለው።››

በዚያ ሰዓት የጋሽ ደምለውን ፊት ብታዩ ታዝኑ ነበር። ‹እማሆይ አርጅተው ተምታቶባቸው ነው› ቢሉ ማንም አይከራከራቸውም፤ ነገም ጤፍ ሲመዝኑ የግራዝማች ዘር ናቸው። ሰናይት ቀረብ አለች።

‹‹አባዬ፣ እኔ ግራዝማችን አላውቃቸውም። አንተን ነው የማውቅህ።››

ጋሽ ደምለው የምንጣፉን ጠርዝ በእግራቸው አስተካከሉ። ከዚያ ድንገት ቀና ብለው አያ ጫኔን አዩት።

‹‹አንተ ሰውዬ። የናንተው ዓለሙስ? እሱም የጡት ልጅ ነው?››

አያ ጫኔ ጋቢውን ሰበሰበ። ‹‹የ… የአብራክ ነው።››

‹‹የአብራክ።›› ጋሽ ደምለው ጣታቸውን አወጡ፤ አንድ ነገር ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ይበራ ጀመር። ‹‹እንግዲያው ይህ ልጅ የግራዝማች ደም አለው። ሰናይት ከሱ ብትወልድ… የልጅ ልጆቼ… በደም! በአጥንት! ማንም የማይነቅፈው!››

‹‹ባለ ካባውስ ያሰበው ይህንኑ አልነበር?›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ፤ የሰማቸው ግን የለም። ጋሽ ደምለው ተነሥተው ከሪሲቨሩ ጀርባ በክንዴ ጎትተው አወጡኝ፤ የራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ‹አንተ ዲሽ› ነበርኩ። አሁን ‹‹የኔ ልጅ፣ ስምህ ማን ነው?›› ተባልኩ። ጠላ የሚቀዳልኝ ማን እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ ሰናይትን አገኘሁ ወይስ እሳቸው ግራዝማችን መልሰው አገኙ፣ በውል ሳይገባኝ ተሰነባብተን ወጣን። ሰናይት እስከ በሩ ሸኘችን። ‹‹መጣ›› አለችኝ ቀስ ብላ፣ እየሳቀች።

ወደ ደባርቅ በምንመለስበት ሚኒባስ አባ ኅሩይና ሐጅ ኢድሪስ ከፊቴ ባለው ወንበር ተቀምጠው ገንዘብ ያዡ በመጨረሻ ወዴት እንደሚያዘነብል ይከራከራሉ። አያ ጫኔ ከአጠገቤ ነው። ዝም ብሏል። አያ ጫኔ ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ ያመመው መሰለኝ።

‹‹አያ፣ ደኅና ነህ?››

ዞር ብሎ አላየኝም። ‹‹ያ ግራዝማች›› አለ፣ ‹‹የኛ አይደለም።››

‹‹እንዴት?››

‹‹ዓለሙ የብሩ ልጅ ነው። ብሩ የሚባል ገበሬ፤ ማንም የማያውቀው። ሰውየው ሲጎራብን ጊዜ… ድራማው ላይ ልጅቷን የሚያገኘው የንጉሥ ዘር ያለው ነው። ያ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ አመለጠኝ። ቆጠራ ላይ መሆናችንን ያስታወስኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ከዚያማ መመለሻ አጣሁ። ቄስ ፊት ዋሸሁ ልበል?››

ነገሩን በጭንቅላቴ ደረደርኩት። እኛ የግራዝማች አይደለንም። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ዝምድና አልነበረም። ስለዚህ እማሆይ ያንን ሁሉ ዘመን የደበቁትን ማውጣት አላስፈለጋቸውም ነበር። ጋሽ ደምለው ቅድመ አያታቸውን ያጡት በከንቱ ነው፤ በኔ በኩል መልሰው ያገኙት የመሰላቸውም የለም። በዚያ ቤት ውስጥ አንድም የግራዝማች ወርቄ ደም ያለበት ሰው አልነበረም፤ ልጅ የተሰጠኝ ግን በዚያ ደም ነው። እንዲህ የተጣመመ ነገር ተሸክሜ እንዴት እተኛለሁ?

‹‹ወራጅ አለ!›› አልኩ።

ሁለቱ ከፊት ዞሩ። አያ ጫኔ የነገረኝን ሁሉ ሰምተው ኖሯል፤ በክርክራቸው መሐል ዝም ማለታቸውን ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ።

‹‹የት ልትሄድ ነው?›› አሉ ሐጅ ኢድሪስ።

‹‹ተመልሼ ላርመው ነው።››

‹‹ምኑን ነው የምታርመው! ቁጭ በል!››

‹‹ግን ልክ አይደለም…››

‹‹ጋብቻውን የሚከለክል ዝምድና አለ?›› አሉ አባ ኅሩይ።

‹‹የለም። እንዲያውም ጭራሽ የለም።››

‹‹እንግዲያው እግዚአብሔር የፈቀደው ነው። ጫኔ ለዋሸው ንስሐ እሰጠዋለሁ፤ ለአቶ ደምለውም ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብሎ ራሱ ይነግራቸዋል። አንተ ዛሬ ብትሄድ ግን ልጅቷን ነው የምታሳጣት።››

አያ ጫኔ የኮቴን እጅጌ በሁለት እጁ ይዟል። ሐጅ ኢድሪስ በወንበሩ ላይ ተሻግረው ትከሻዬን ተጭነዋል። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ዳር ወጥቶ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ጭንቅላቱን አዞረ።

‹‹ወራጅ አለ የተባለው የታል?››

‹‹የለም!›› አሉ ሦስቱም።

ረዳቱ ግራ ተጋብቶ እነሱን አየ፣ እኔን አየ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። በተከፈተው በር የወገራ ንፋስ ይገባል።

‹‹ወስኑ እንጂ ጎበዝ፤ አንተ ነህ የጠራኸው። አለ ወይስ የለም?››

የሰናይት ሳቅ ትዝ አለኝ።

‹‹የለም›› አልኩት።